ከጨው ጆንያው ኋላ

ሴቱባል ወደቡ፣ ማተሚያ ቤት ፎቁ፣
ስህተት ለቅሜ አዳሪ ነኝ፣ ሰዎች ሳያውቁ።
የተዘለለ ነጥብ፣ የተጋደመ ቃል፣
በቀይ እርሳሴ ጫፍ ሲነካ ይነቃል።

ባለፈው ክረምት ላይ ፊርሚኖ መጣና፣
ከዝናቡ ሸሽጎ፣ ኮቱ ሳይደርቅ ገና፣
አኖረልኝ ክምር፦ የወንጀል ልብወለድ፣
በታይፕ የተመታ፣ የታሰረ በገመድ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰርዲን ፋብሪካ
ሂሳብ የያዘ ሰው፣ ቆርቆሮ ሲለካ፤
ቃል የማያባክን፣ ሳቁን የሚቆጥር፣
አንዲት ሳንቲም ብትጎድል ፈልጎ የሚያድር።

ታሪኩ ቀላል ነው። ዘበኛው አንሴልሞ
በጨው መጋዘን ውስጥ ወድቋል ተጋድሞ።
መርማሪዋ ዙልሚራ፣ ጥርሷ የሚያማት፣
ደረጃ ስትወጣ ጉልበት የሚከዳት።
ተጠርጣሪው አራት፦ ዓሣ አጥማጅ፣ ባለዕዳ፣
የሟች ሚስት ወንድም፣ አንድ መርከበኛ እንግዳ።
ተራኪው ማንም ነው፤ ሁሉን አወቅ የሚሉት፣
ከጣሪያ በላይ ያለ፣ ጥላ እንኳ የሌለበት፤
ሦስተኛ መደብ ነው፤ "ሄደ"፣ "አየ"፣ "ዞረ"፣
እንደ ገቢና ወጪ፣ ስሜት ያልጨመረ።

ግን ሳነብ፣ ሳነብብ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ፤
ሳልፈው እየጠራኝ እንቅልፌን ነሳኝ።
ሰማይ ነኝ የሚለው ያ ተራኪ ዓይን
ያን ሌሊት ሲተርክ አያይም ሁሉን።
የሟቹን ፊት አያይም፤ የሚያየው ጫማውን፣
የሶሉን ቀዳዳ፣ እርጥብ ካልሲውን፣
ከፋኖሱ በታች የጠቆረውን ክብ፣
ጆንያው የተሰፋበትን ክር፣ የጨው ላብ።
ይህን ለማየትማ መንበርከክ አለበት
ከጨው ጆንያው ኋላ፣ ከግድግዳው ጥጋት።
እዚያ ሰው አልነበረም። አራቱም ተጠርጣሪ
ሌላ ስፍራ ናቸው፤ ቤቷ ናት መርማሪ።

ታዲያ ይህ ዓይን የማን ነው?

ስልቱንም አየሁት፣ የፊርሚኖን ስልት፤
ሲፈጥር ያንዛዛል፦ ለወደቡ ምሽት
ሦስት ቅጽል፣ ለባሕሩ አራት፣ ለጨረቃ ስድስት።
መጋዘኑ ሲደርስ ቅጽሉ ሁሉ ያልቃል።
"በሩ ገርበብ ብሏል። ፋኖስ አለ። ሞቋል።"
የነበረ ሰው ቅጽል አያበዛም፤ ያውቃል።

ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፣
"ገደለ" ስጠብቅ፣ "ገደልኩ" ሲል ሳይ፣
ሻዬ በረደ።
አንዲት ፊደል ናት፣ ጣት ስታ ያረፈች፣
ወይ ሠላሳ ዓመት ጥርስ ነክሳ የቆየች።
አባቴ ያወራ ነበር፤ ስሙ አንሴልሞ አይደለም፤
ዘበኛ ሞቶ ነበር፤ ገዳዩ አልታወቀም።

ጠራሁት። መጣ። ገጹን አይቶ ሳል አለ።
"የጣት ስህተት ነው" አለ፤ "ይታረም" አለ።
ከዚያ ዓይኑን ሳዶ ወንዝ፣ ጀልባዎች ላይ ጥሎ፣
ቆቡን አገላብጦ፣ ድምፁን አለስልሶ፦
"የቱ ይሻላል፣ ኦዴቴ? እንደ አንባቢ ንገሪኝ።"
መልሱን አውቀው ነበር፤ አፌ ግን ጨው ሆነብኝ።

ደንቡ ግልጽ ነው፦ መደብ አይዋልልም በመሃል፤
የጀመረው ዓይን እስከ መጨረሻ ያያል።

መጽሐፉ በሚያዝያ ወጣ፣ ሁለት መቶ ቅጂ።
ጋዜጣ ላይ አንዱ ሐያሲ አወደሰው፦
"ተራኪው ንጹሕ ነው፤ እጁን ደም ያልነካው።"

በሥራ መዝገቤ ላይ፦ "ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፣
አንዲት ፊደል ተሰርዛለች" ይላል፣ ከፊርማዬ ፊት።
ማን እንደሰረዛት አይልም። ወጉ ነው።

ትናንት ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣
ወርጄ ቢሮውን ከፈትሁ። ብቻዬን ነኝ።
ከዚያ መስመር በታች፣ በትንሹ፣ ጻፍኩ፦
"ሰረዝኩ።"